ከሄልሲንኪ እስከ ቶኪዮ፦ ርቀቱ ሳይለወጥ ጉዞው የረዘመበት ጉዳይ

ሄልሲንኪንና ቶኪዮን የሚያገናኘው አጭሩ የአየር መስመር 7,850 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ርቀት ወስዶ በተለመደው ስሌት ለሚያሰላ ሰው፣ ማለትም በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር አካፍሎ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ለሚጨምርበት፣ ውጤቱ 9 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አካባቢ ይመጣል። እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ ይህ ስሌት ከእውነቱ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ከፊንላንድ ዋና ከተማ ተነስቶ ወደ ጃፓን የሚበረው ቀጥታ በረራ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ ነበርና። ከማርች 2022 ወዲህ ግን ያው በረራ 13 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከተሞቹ ካሉበት አልተንቀሳቀሱም፤ የአውሮፕላኑም ፍጥነት አልቀነሰም። ይህ ጥናት ተጨማሪው ሦስት ሰዓት ተኩል ከየት እንደመጣ፣ በምን መንገድ እንደሚያልፍና ምን ምን እንዳስከተለ ይመረምራል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩን የመረጥኩት የርቀትና የበረራ ሰዓት ዝምድና ብዙዎቻችን እንደምናስበው ቀላል የማካፈል ሂሳብ አለመሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የከተማ ጥንድ ስላላገኘሁ ነው። በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ርቀት የምድር ነገር ነው፤ የበረራው ሰዓት ግን ፈቃድ፣ ነፋስና ነዳጅ የሚወስኑት የሰማይ ነገር ነው።

ክሩ የሚያልፍበት ምድር

በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ቶኪዮ ከሄልሲንኪ በስተደቡብ ምሥራቅ ትታያለች። ሄልሲንኪ በ60 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ፣ ቶኪዮ ደግሞ በ35 ዲግሪ ከግማሽ አካባቢ ስለሆነች አውሮፕላኑ ሲነሳ ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያዞር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሉል ወስዶ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር የወጠረ ሰው ሌላ ነገር ያያል። የተወጠረው ክር ከሄልሲንኪ የሚወጣው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ሽቅብ ወጥቶ የኦብ ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት አካባቢ ሲደርስ 67 ዲግሪ ሰሜን ላይ ይሆናል፣ ይህም ከአርክቲክ ክብ መስመር በላይ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሳይቤሪያን በሰያፍ አቋርጦ፣ የሰሜን ምሥራቅ ቻይናን ጠርዝ ነካ አድርጎና የጃፓንን ባሕር ተሻግሮ ቶኪዮ የሚገባው። መንገዱ በጠፍጣፋው ካርታ ላይ ጎብጦ የሚታየው ድቡልቡሏ ምድር በወረቀት ላይ ስትዘረጋ ስለምትዛባ እንጂ መስመሩ ስለተጠማዘዘ አይደለም።

ከጉዳዩ አንጻር ዋናው ነጥብ የክሩ እጅግ የሚበዛው ክፍል በአንድ አገር፣ በሩሲያ ግዛት ላይ የሚያርፍ መሆኑ ነው። ሄልሲንኪ በአውሮፓና በምሥራቅ እስያ መካከል አቋራጭ ልትሆን የቻለችው በዚህ አቀማመጥ ምክንያት ነው። ከለንደን እስከ ቶኪዮ ያለው አጭር መስመር 9,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሄልሲንኪ ከለንደን ይልቅ ለቶኪዮ በ1,750 ኪሎ ሜትር ትቀርባለች። የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤር ለብዙ ዓመታት የንግድ ስልቱን የገነባው በዚህ ቅርበት ላይ ነበር። ከሌሎች የአውሮፓ ከተሞች መንገደኞችን ሰብስቦ በሄልሲንኪ ትራንዚት ያደርጋቸውና በአጭሩ መንገድ ወደ እስያ ይወስዳቸው ነበር።

ሰማዩ የማን ነው

በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በመጀመሪያው አንቀጹ እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው የአየር ክልል ላይ ሙሉና ብቸኛ ሉዓላዊነት እንዳለው ይደነግጋል። በዚያው ዓመት የተዘጋጀ ሌላ ስምምነት ደግሞ ፈራሚ አገሮች አንዳቸው የሌላውን የአየር ክልል ሳያርፉ እንዲያቋርጡ ይፈቅዳል፤ ሩሲያ ግን የዚህ ስምምነት አባል አይደለችም። ስለዚህ በሳይቤሪያ ላይ መብረር በየጊዜው በድርድር የሚገኝና የሚከፈልበት ፈቃድ እንጂ እንደ መብት የሚጠየቅ ነገር ሆኖ አያውቅም።

በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ይህ ፈቃድ ለምዕራብ አውሮፓ አየር መንገዶች በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። የስካንዲኔቪያው አየር መንገድ ኤስኤኤስ በፌብሩዋሪ 1957 ከኮፐንሃገን ወደ ቶኪዮ መስመር ሲከፍት በሰሜን ዋልታ በኩል ዞሮ፣ በአላስካ አንኮሬጅ አርፎና ነዳጅ ቀድቶ ነበር የሚሄደው። ፊንኤር ደግሞ በኤፕሪል 1983 ተጨማሪ ነዳጅ በሚይዝ ዲሲ-10 አውሮፕላን ከሄልሲንኪ ወደ ቶኪዮ የሰሜን ዋልታን ተሻግሮ ያለ ማረፊያ መብረር ጀመረ፤ ከምዕራብ አውሮፓ ወደ ጃፓን ሳያርፍ የበረረ የመጀመሪያው አየር መንገድም ሆነ። ያ በረራ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር።

ያን ያህል ዙሪያ ጥምጥም መሄድ የበዛ ጥንቃቄ ለሚመስለው አንባቢ፣ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 1 ቀን የደረሰውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከአንኮሬጅ ወደ ሴኡል ይበር የነበረ የኮሪያ አየር መንገድ ቦይንግ 747 ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ሶቪየት የአየር ክልል በመግባቱ በተዋጊ ጄት ተመትቶ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 269 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በካርታ ላይ በቀጭን ቀለም የተሰመረ የአየር ድንበር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ የበለጠ የሚናገር ነገር ያለ አይመስለኝም።

ከጊዜ በኋላ የሳይቤሪያ ሰማይ ለአውሮፓ አየር መንገዶች ተከፈተ፤ የዋልታው መስመርም ተረሳ። አንኮሬጅም ለመንገደኞች የነበራት የማረፊያ ጣቢያነት አበቃ። አንድ ሙሉ ትውልድ ከአውሮፓ ወደ ምሥራቅ እስያ የሚወስደው መንገድ በሳይቤሪያ ላይ መሆኑን እንደ ተፈጥሮ ነገር አድርጎ ቆጠረው።

ፌብሩዋሪና ማርች 2022

ሩሲያ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 በዩክሬን ላይ ወረራ ከፈተች፤ የዩክሬን የአየር ክልልም በዚያው ቀን ለሲቪል በረራ ተዘጋ። የአውሮፓ ኅብረት በፌብሩዋሪ 27 ቀን የአየር ክልሉን በሩሲያ አውሮፕላኖች ላይ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በማግስቱ ሩሲያ የአጸፋ እርምጃ ወስዳ፣ ፊንላንድን ጨምሮ የ36 አገሮች አየር መንገዶች በግዛቷ ላይ እንዳይበሩ ከለከለች። ፊንኤር ወደ ጃፓን፣ ወደ ደቡብ ኮሪያና ወደ ቻይና የሚያደርጋቸውን በረራዎች ወዲያውኑ መሰረዝ ግድ ሆነበት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በአየር መንገድ ሥራ ልምድ በፍጥነቱ የሚደነቅ ነው። አየር መንገዱ በማርች 9 ቀን የቶኪዮን በረራ በአዲስ መስመር መልሶ ጀመረ፤ እገዳው ከታወጀ ገና አሥር ቀን አልሞላም ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ የበረራ እቅድ ክፍሉ ሁለት አማራጭ መንገዶችን ማዘጋጀት፣ ከየአገሩ የማለፊያ ፈቃድ ማግኘት፣ የአብራሪዎችንና የበረራ አስተናጋጆችን ምድብ እንደገና መሥራት ነበረበት።

የመጀመሪያው አማራጭ የ1983ቱ መንገድ ነው። ወደ ሰሜን ወጥቶ ዋልታውን ያልፋል፣ በአላስካ በኩል ወርዶ በቤሪንግ ባሕርና በአሉሺያን ደሴቶች ላይ አድርጎ በሰሜን ፓስፊክ ወደ ጃፓን ይደርሳል። ሁለተኛው ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ዩክሬንንና ቤላሩስን በስተምዕራብ ዞሮ፣ በጥቁር ባሕርና በካውካሰስ በኩል ወደ ካስፒያን ይሻገራል፤ ከዚያም ካዛኪስታንን፣ ቻይናንና የኮሪያን ባሕረ ገብ መሬት ያቋርጣል። ሁለቱን መንገዶች ከሩሲያ ግዛት ውጪ በሚያስኬዱ ነጥቦች ላይ ለክቼ ሳሰላቸው ሰሜናዊው 11,000፣ ደቡባዊው 11,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነው አገኘኋቸው። አውሮፕላን በየቀኑ የሚይዘው መስመር ከዚህ ሊረዝም ይችላል፤ ንጽጽሩ ግን ጉልህ ነው። ከአጭሩ መስመር ጋር ሲተያይ ጭማሪው ቢያንስ 40 በመቶ ነው። የሰዓቱ ጭማሪ፣ ከዘጠኝ ተኩል ወደ 13፣ ወደ 37 በመቶ ስለሚመጣ ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ይመሰክራሉ።

ከመቀመጫው ፊት ያለው ሰሌዳ

ዙሪያ ጥምጥሙ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ የሚታየው ጉዞውን ክፍል በክፍል ሲከታተሉት ነው። አንድ መንገደኛ ከመቀመጫው ፊት ባለው ስክሪን ላይ ካርታውን ከፍቶ፣ ከአውሮፕላኑ እስከ ቶኪዮ ያለውን ቀጥተኛ ርቀት እየተከታተለ ነው እንበል። ከሄልሲንኪ ሲነሳ ቁጥሩ 7,850 አካባቢ ነው። አውሮፕላኑ ወደ ሰሜን 3,300 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ዋልታው ላይ ሲደርስ፣ አራት ሰዓት ያህል ከበረረ በኋላ ማለት ነው፣ ቁጥሩ የሚያሳየው 6,030 ይሆናል። የተጓዘው 3,300፣ የቀረበው ግን 1,800 ብቻ ነው።

ከዋልታው አንስቶ ጃፓን ወደምትገኝበት ኬንትሮስ ቀጥ ብሎ ቢወርድ መንገዱ ባጠረ ነበር፤ ነገር ግን ያ መስመር በሩሲያ ግዛት፣ በያኩትያ ላይ ያልፋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ወደ ቤሪንግ የባሕር ወሽመጥ ያቀናል። 2,700 ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ እዚያ ሲደርስ ቀሪው ቀጥተኛ ርቀት 4,670 ነው። ከዚያ የአላስካን ጎን ይዞ እስከ አሉሺያን ደሴቶች ምዕራባዊ ጫፍ ሌላ 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በዚህ መካከል የቀን መለወጫውን መስመር ይሻገራል፤ ቀሪውም 3,260 ይሆናል። መንገደኛው በስክሪኑ ላይ የሚያየው ቁጥር ከመንገዱ ጋር እኩል መቀነስ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በላይ በርሮ፣ በድሮው መስመር ለማረፍ ዝቅ ማለት በሚጀምርበት ሰዓት ላይ፣ ገና አራት ሰዓት ያህል ይቀረዋል።

በዋልታው ላይ ሲታለፍ ለአብራሪው የሚሆነውም ነገር የተለየ ነው። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቅንጣት ሳያዞር የጉዞ አቅጣጫው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይለወጣል፤ ከዋልታው የሚወጣ መንገድ ሁሉ ወደ ደቡብ ነውና። መግነጢሳዊ ኮምፓስ በዚያ አካባቢ ስለማይታመን አቅጣጫ የሚያዘው ከእውነተኛው ሰሜን አንጻር ነው። ከምድር ወገብ በላይ የቆሙት የመገናኛ ሳተላይቶች ከ82 ዲግሪ ኬክሮስ በላይ ከአድማስ በታች ስለሚሆኑ፣ ግንኙነቱ በረጅም ርቀት ሬዲዮ ወይም በዋልታዎቹ ላይ በሚዞሩ ሌሎች ሳተላይቶች ይሆናል። ብርዱም ይታሰብበታል። በስፋት የሚሠራበት ጄት ኤ-1 የተባለው የአውሮፕላን ነዳጅ በ47 ዲግሪ ከዜሮ በታች መርጋት ስለሚጀምር፣ በክንፉ ውስጥ ያለው ነዳጅ ወደዚያ መጠን ሲጠጋ አብራሪው ፍጥነት ይጨምራል ወይም ሞቅ ወዳለ የአየር ንብርብር ዝቅ ይላል።

ሌላው ጥያቄ የሞተር ነው። የ1983ቱ ዲሲ-10 ሦስት ሞተር ነበረው፤ የዛሬው ኤርባስ ኤ350-900 ሁለት ብቻ አለው። ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን አንዱ ቢጠፋበት በቀሪው ብቻ በርሮ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሊያርፍበት የሚችል ተለዋጭ ኤርፖርት ሊኖረው ይገባል። በዋልታው ዙሪያ እንዲህ ያለ ኤርፖርት በጣት የሚቆጠር ነው፤ በስቫልባርድ ሎንግየርብየን፣ በአላስካ ፌርባንክስና አንኮሬጅ ዓይነቶቹ ይገኙበታል። ኤ350-900 በ2014 እስከ 370 ደቂቃ የሚደርስ ፈቃድ ማግኘቱ መንገዱን በሁለት ሞተር የሚታሰብ አድርጎታል። ይህ አውሮፕላን በፊንኤር እጅ ባይኖር ኖሮ መስመሩ በእነዚያ ቀናት ውስጥ መልሶ ይከፈት ነበር ብዬ አላምንም።

ከሁለቱ መንገዶች የትኛው እንደሚመረጥ በአብዛኛው የሚወስነው ነፋስ ነው። በመካከለኛው ኬክሮስ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ላይ፣ ጄት ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ በብርዱ ወራት፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ በጃፓን ላይ የሚያልፈው ደግሞ በዓለም ላይ እጅግ ከሚበረቱት አንዱ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 100 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ ከኋላው ቢገፋው ከምድር አንጻር ፍጥነቱ 1,000 ይሆናል፤ ያው ነፋስ ከፊት ቢመጣበት 800። ስለዚህ ወደ ቶኪዮ ሲኬድ ደቡባዊው መንገድ በኪሎ ሜትር ቢረዝምም ነፋሱ ሊክሰው ይችላል፤ ከቶኪዮ ሲመለሱ ግን ያንኑ ነፋስ በግንባር ከመቀበል በዋልታው በኩል መዞር ይሻላል። እቅድ አውጪዎቹ ይህን በየቀኑ የአየር ትንበያ አይተው የሚወስኑት ነው፤ ዛሬ አጭር የሆነው መንገድ ነገ ረጅሙ ሊሆን ይችላል።

ሃያ አራቱ ሰዓት

ሦስት ሰዓት ተኩል ለመንገደኛ ድካም ነው፤ ፊንኤር በዋልታው በኩል ለተሳፈሩ ሰዎች ዋልታውን መሻገራቸውን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት መስጠቱም ድካሙን ወደ ትዝታ የሚለውጥ ደግ ሐሳብ ነበር። ለአየር መንገዱ ግን ጉዳቱ ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ ሰዓቱ በተሻገረው ገደብ ላይ ነው። ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ስለማያስተውለው በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ።

በቀድሞው መስመር ወደ ቶኪዮ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ነፋሱን ተቋቁሞ ለመመለስ አሥር ሰዓት ገደማ፣ በሁለቱ ኤርፖርቶች ለማራገፍ፣ ለማጽዳት፣ ነዳጅ ለመሙላትና ለመጫን ሁለት ሁለት ሰዓት ቢታሰብ፣ ድምሩ ከ24 ሰዓት በታች ይሆናል። ይህ ማለት አንድ አውሮፕላን ዛሬ ማታ ሄልሲንኪን ለቆ ነገ ማታ በዚያው ሰዓት ለመነሳት ዝግጁ ሆኖ ይገኛል፤ በየቀኑ አንድ በረራ ለማድረግ አንድ አውሮፕላን ይበቃል። ከአውሮፓ ደቡብና ምዕራብ ለሚነሱ ተወዳዳሪዎች ይህ አይሆንላቸውም ነበር፤ የእነርሱ የደርሶ መልስ ዙር ከ24 ሰዓት ያልፋል።

አሁን ግን 13 ለመሄድ፣ 13 ለመመለስ ሲደመር ገና አውሮፕላኑ መሬት ሳይነካ 26 ሰዓት ሆነ፤ የመሬት ላዩ ሥራ ሲጨመር 30። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት ካለበት ያንን መርሐ ግብር ለመጠበቅ ሁለት አውሮፕላን ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ዙር እስኪደርስ የሚተርፉት ሰዓቶችም በሌላ አጭር መስመር ላይ ማዋል ካልተቻለ ይባክናሉ። እያንዳንዱ በረራ ላይ ሠራተኞች ተራ በተራ እንዲያርፉ ተጨማሪ አብራሪ መመደብም ግድ ነው። ለእኔ የዚህ ጉዳይ እምብርት እዚህ ነው። ርቀቱ በ40 በመቶ ሲጨምር አንዱን መስመር ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው የአውሮፕላን ቁጥር ግን በእጥፍ ሊያድግ ይችላል።

ነዳጁም አለ። ኤ350-900 በሰዓት 6 ቶን ገደማ ነዳጅ እንደሚያቃጥል ቢወሰድ፣ ለሦስት ሰዓት ተኩል ተጨማሪው 20 ቶን ያልፋል። ከዚህ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንድ በረራ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ከ60 ቶን በላይ ነው። ያንን ተጨማሪ ነዳጅ ለመሸከም ራሱ ነዳጅ ይበላል፤ በጭነት ክፍሉ ሊገባ ይችል ከነበረው ዕቃም ይቀነሳል።

ፊንኤር የነበሩት ሌሎቹ ሰፊ አውሮፕላኖች፣ ኤ330ዎቹ፣ ለዚህ ዙሪያ መንገድ በቂ አቅም ስለሌላቸው ሌላ ሥራ ተፈለገላቸው። የተወሰኑት ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ከኳታር አየር መንገድ ጋር በመተባበር ከሰሜን አውሮፓ ከተሞች ወደ ዶሃ ተሰማሩ፤ ኋላም ለአውስትራሊያው ቃንታስ ከነሠራተኞቻቸው የተከራዩ ነበሩ። ኩባንያው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ዳላስና ወደ ሲያትል፣ አዳዲስ መስመሮችንም በዚያው ዓመት ከፈተ።

የከተማዋ ብልጫ ጨርሶ አልጠፋም፤ ቀንሷል እንጂ። የለንደንም በረራ በአላስካ በኩል ሲዞር በእኔ ስሌት ወደ 12,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ጭማሪው ግን 25 በመቶ ነው። ሄልሲንኪ ከለንደን ይልቅ ለቶኪዮ ትቀርብበት የነበረው 1,750 ኪሎ ሜትር አሁን ወደ 1,000 ገደማ ወርዷል። ለሩሲያ ይበልጥ የቀረበችው ከተማ በሩሲያ መዘጋት ይበልጥ ተጎድታለች።

እገዳው የሚመለከተው የአውሮፕላኑን አገር እንጂ መነሻና መድረሻውን አይደለም። የቻይና አየር መንገዶች በሩሲያ ላይ መብረር አልተከለከሉም። በዚህ ምክንያት ከአንድ የአውሮፓ ኤርፖርት ጎን ለጎን ቆመው፣ ወደ አንድ የምሥራቅ እስያ ከተማ ከሚነሱ ሁለት አውሮፕላኖች አንዱ ፊቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዙሮ በአጭሩ መስመር ሲሄድ፣ ሌላው ወደ ደቡብ ወርዶ በካስፒያን በኩል ይዞራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአውሮፕላኖቹ ላይ የተጻፈው የምዝገባ ምልክት ነው።